ምንጭ የሚለው ዓምድ

ጊቭዓት ሃሞሬ ላይ፥ ከሕንፃው ከርስ ሥር፥
የጦርነት መሸሸጊያ፥ ወፍራም የብረት በር፤
ውስጡ የልጆች ብስክሌት፥ ጎማው የተነፈሰ፥
ግድግዳውን ጥግ ጥጉን እርጥበት የላሰ።

ማክሰኞ ማክሰኞ፥ ከቁፓት ሆሊም መልስ፥
አንዷ በከዘራ፥ አንዷ የገበያ ጋሪዋን ስትጎትት ቀስ በቀስ፥
ደረጃውን ይወርዳሉ። አሥራ ሰባት ነው፤ ይቆጥሩታል።
አሥራ ሰባተኛው ላይ ሁልጊዜ ያርፋሉ፤ ይሳሳቁበታል።

ማኅበር ነን፤ ማኅተም አለን። ገንዘብ ያዥ አለችን፥
ማለፊያ፤ ሰባ ሼቄል ጎድሎ ሦስት ሳምንት ያስጨነቀችን።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እዚሁ ተወልጄ ፊደል በሠላሳዬ የቆጠርሁ፥
ሦስቱን «ሀ» እያምታታሁ የእናቶችን ዘመን በባንክ አጀንዳ የጻፍሁ።
ስልኬ ድምፅ ብቻ ነው የሚቀዳው፤ እነሱ ግን ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፥
«በሉ» ስላቸው አስቀድመው የሙታኑን ስም ይጠራሉ።

የምንጽፈው? የማሳ ስም። የገደል ስም። የከብት ስም ሳይቀር፤
ማን ከማን ተጣልቶ በስንተኛው ዓመት እንደታረቀ፥ በየትኛው ሽማግሌ ምክር፤
ደም ያየች ሴት ጎጆዋ ከመንደሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፥
እዚያ ሆና ማታ የምትሰማው ምን እንደሆነ፥ የማን ሳቅ።
ይህን ቄሶቹ አልጻፉትም። ሊጽፉትም አይችሉ፤
እነሱ እዚያ አልገቡም፥ ከድንጋይ አጥሩ ማዶ ነው የዋሉ።

ኋላ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ቅጽ መጣ፥ ለአውራጃው ታሪክ መዝገብ፤
ቀን፥ ቦታ፥ የነገሩ ዓይነት፥ ዓምዱ ሁሉ ጠባብ።
«ቀን» አልኋቸው። እንጓዳይ፦ «አንበጣ የወረደ ዓመት፥ ማሽላው ሲያሽት።»
ዝማም፦ «ሐሰት! ጤፉን ነው የበላው፥ ያውም ገና እሸት!»
አስረሱ፦ «የእኔን ልደት ኤርፖርት ላይ አንዲት ወታደር ግንባሬን አይታ ጻፈች፤
የአንበጣውንም እሷን ጠይቋት፥ ብልህ ነበረች።»
መንደሩስ ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ? የአርባ ዓመቱ ክርክር
ተነሣ እንደ አዲስ፤ የፕላስቲክ ወንበር ሲንቋቋ፥ ሻይ ሲፈስ በአጀንዳዬ ዳር።
«ወዲህ ነው!» «ከማን ወዲህ?» «ከእኔ!» «አንቺማ ማዶ ተድረሽ፤
እኔ ከእናቴ ደጃፍ ሆኜ ነው የማይሽ!»

የመጨረሻው ዓምድ «ማኮር» ይላል በዕብራይስጥ፤ «ምንጭ» ብዬ ተረጎምሁት፤
ማን ነገራችሁ፥ ከየት አገኛችሁት፥ ለማለት ነው የፈለጉት።
ትርንጎ፥ ዓመት ሙሉ ከጥግ ተቀምጣ ቃል ያልተነፈሰች፥
«ምንጩማ» ብላ ቀና አለች፤ እጇን ዘረጋች።
«ከሾላው ሥር ነው፤ አለቱን በስተግራ ትተሽ፥ ጎንበስ ብለሽ፤
እንቁራሪት ካለ ጠጪ፤ ከሌለ ተመለሽ።
በግንቦት ይጠፋል። በእንስራ አይቀዳም፤ በቅል ነው፥ በትዕግሥት፤
ለመጀመሪያ ልጄ ምጥ የያዘኝ እዚያ ነው፥ ወረፋ ስጠብቅ፥ ከስድስት ሴቶች ፊት።»

ማንም አልሳቀም። እኔም አላረምኋትም።
ዓምዱ ሁለት ጣት ነው፤ ወደ ጀርባው ገለበጥሁ እንጂ አላሳጠርኋትም።

ኤላድ ከቢሮው ደወለ፤ ትሑት ልጅ ነው፥ ድምፁም ቀጭን፤
«ምንጭ ያልነው እኮ ውሃውን ሳይሆን፥ ምንጩን ነው፤ ምንጭን!»
«ገብቶኛል» አልሁት።

በሳምንቱ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ዔሜቅ ሆስፒታል፥ አራተኛ ፎቅ፥
ክንዷ ላይ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል፥ እሷ ጠብታውን ስትጠብቅ
አገኘኋት። ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱን ግን አወቀችው።
ጠጋ ብላ በጣቷ ነካችው።
«ቀኝ ነው» አለች። «አለቱን በስተቀኝ። ያን ዕለት ግራ ያልሁት
እንጓዳይ ሁሌ ግራ ትላለች፤ ባሏ በሞተ ሳምንት በሰው ፊት እንዴት ላሳፍራት?
አሁን ግን ይጻፍ። ሰው ሄዶ ውሃ ቢያጣስ?»

«ግራ»ን አልፋቅሁም፤ «ቀኝ»ን ከላዩ አሳንሼ ጻፍሁ፤
ከሥሩ ስሟን። ማኅተማችንን የአልጋውን ጠርዝ ተደግፌ መታሁ።
ግማሹ ብቻ ወጣ። ቀለሙ አልደረቀም፤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ
በሁለት እጄ አግድሜ ያዝሁት፥ እንዳይፈስ።